የካርቱም ዚርና የመረጃ ማዕከል ማቀዝቀዣ

በሙቀት አገር የሚኖር ሰው ቅዝቃዜ ዋጋ ያለው ሀብት መሆኑን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ሲሄድ ጥላ ያለበትን የመንገድ ዳር ይመርጣል፤ መስኮቱን በቀን ዘግቶ በሌሊት ይከፍታል፤ የሚጠጣውንም ውሃ በሸክላ ዕቃ ያኖራል። ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙባት በካርቱም ከተማ ይህ ዕውቀት ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። በዛሬው ዘመን ግን ቅዝቃዜን የሚፈልገው ሰው ብቻ አይደለም፤ የመንግሥት መዝገብ፣ የባንክ ሒሳብና የስልክ መልእክት የሚጠበቁባቸው መሣሪያዎችም ያለ ቀዝቃዛ አየር ሊኖሩ የማይችሉ ሆነዋል። ስለዚህ እነዚህን መሣሪያዎች በሙቀት አገር ማቀዝቀዝ ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅ፣ ወጪውም በምን ዘዴ ሊቀነስ እንደሚችል ለመግለጽ ይህን ጽሑፍ አቅርበናል።

የመረጃ ማዕከል ምንድን ነው?

የመረጃ ማዕከል ማለት ሰርቨር የሚባሉት ኮምፒዩተሮች በረጃጅም የብረት መደርደሪያዎች ላይ ተደርድረው ሌሊትና ቀን ያለ ዕረፍት የሚሠሩበት ቤት ነው። አንድ ሰው በስልኩ ገንዘብ ሲልክ፣ አንድ ጸሐፊ የመሬት መዝገብ ሲፈልግ፣ አንድ ሐኪም የበሽተኛውን ታሪክ ሲመለከት፣ ጥያቄው የሚደርሰው መልሱም የሚመነጨው ከእንዲህ ያለው ቤት ነው። የቀድሞው መዝገብ ቤት የሚፈራው እሳትን፣ ምስጥንና ዝናብን ነበር፤ የዛሬው መዝገብ ቤት ግን ከራሱ ከውስጡ የሚወጣውን ሙቀትም ይፈራል።

ይህም የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሰርቨር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ሥራውን ከሠራ በኋላ ሁሉም ለማለት በሚቻል መጠን ወደ ሙቀት ይለወጣል። ለምሳሌ ያህል፣ 100 ኪሎዋት የሚወስዱ ሰርቨሮች ያሉበት ክፍል 30 ያህል የኤሌክትሪክ ምጣዶች በአንድነት ሌሊትና ቀን እንደ ጋሉበት ማድ ቤት ነው። ማቀዝቀዣው ቢቆም የክፍሉ አየር በደቂቃዎች ውስጥ እጅግ ይሞቃል፤ መሣሪያዎቹም ራሳቸውን ለማዳን ሥራቸውን ያቆማሉ፤ አለዚያም ይበላሻሉ።

የካርቱም ሕዝብ ያየው ችግር

በሱዳን የእነዚህ ቤቶች ዋጋ የታወቀው በመራራ መንገድ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይል መካከል በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ዛይን፣ ኤም ቲ ኤንና ሱዳኒ የሚባሉት ትልልቅ የስልክ ኩባንያዎች ዋና ዋና መሣሪያዎቻቸውን ያኖሩት በዚያችው ከተማ ነበር። ከጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ መስመሮቹ እየተከታተሉ ተቋረጡ፤ በጥቂት ቀናትም ውስጥ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ከስልክና ከኢንተርኔት ተለየ። የመረጃ ማዕከሎቹን ይዞ የዘጋቸው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል እንደ ሆነ በጊዜው ተዘግቧል፤ ከኃይሉ በኩል ግን ነገሩ ተስተባብሏል።

ጉዳቱ በመሥሪያ ቤቶች ብቻ የቀረ አልነበረም። የካርቱም ባንክ «ባንካክ» በሚለው የስልክ አገልግሎት አማካይነት በውጭ አገር ካለ ዘመድ ገንዘብ ይጠብቅ የነበረው ቤተ ሰብ እጁ ባዶ ቀረ። በየሰፈሩ ለተራቡ ሰዎች በበጎ ፈቃድ ምግብ ያበስሉ የነበሩ የኅብረት ማድ ቤቶችም የእርዳታው ገንዘብ ስላልደረሳቸው ብዙዎቹ ሥራቸውን ለማቆም ተገደዱ። ኩባንያዎቹ አገልግሎታቸውን በየደረጃው ለመመለስ የቻሉት ከጦርነቱ በራቁ ከተሞች፣ በተለይም በፖርት ሱዳን፣ መሣሪያ ካቆሙ በኋላ ነው።

በዚያን ጊዜ መስመሩን ያቋረጠው ጦርነት እንጂ ሙቀት አልነበረም። ይሁን እንጂ የመረጃ ማዕከል ሲዘጋ የድኻውም ድስት አብሮ እንደሚዘጋ ሁሉም ሰው ተገነዘበ። ጦር ሠራዊቱ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የካርቱምን ክፍለ አገር በሙሉ እንደ ያዘ አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ ከተማይቱን መልሶ ስለ መሥራት በሚነሣው አሳብ ውስጥ አንድ ጥያቄ አብሮ መነሣት አለበት። ይኸውም፦ እንዲህ ባለው ሞቃት ከተማ የሚቆም የመረጃ ማዕከል የኤሌክትሪክ ሒሳቡን ችሎ እንዴት ይኖራል? ይህ ጥያቄ መልስ ካላገኘ የሕዝቡ መዝገብ በሌላ አገር ቤት ተከራይቶ ይቀመጣል፤ ኪራዩም በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል።

ሙቀት ወጪን የሚያበዛው እንዴት ነው?

ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ትገኛለች። በግንቦት ወር የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ወደ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል፤ ብርድ በሚባለው በጥር ወር እንኳ እኩለ ቀን ላይ 30 ዲግሪ ይደርሳል።

የተለመደው ማቀዝቀዣ ሙቀትን ከክፍሉ አንሥቶ ወደ ውጭ የሚጥል መኪና ነው። ከጉድጓድ ውሃ በሚቀዳ ሰው ልንመስለው እንችላለን፤ ጉድጓዱ በጠለቀ መጠን ድካሙ ይበዛል። በክፍሉ አየርና በውጭው አየር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት እንደ ጉድጓዱ ጥልቀት ነው። ውጭው 42 ዲግሪ ሲሆን ክፍሉን 20 ዲግሪ እናድርገው ብንል ልዩነቱ 22 ዲግሪ ይሆናል፤ በ26 ዲግሪ ብንወሰን ግን ልዩነቱ ወደ 16 ይወርዳል፤ ኮምፕሬሰሩም በዚያው መጠን ያርፋል።

ይህ ችግር የሞቃት አገሮች ብቻ አይደለም። ሐምሌ 12 ቀን 2014 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ባለፈ ጊዜ በለንደን የሚገኙ የጉግልና የኦራክል የመረጃ ማዕከሎች ማቀዝቀዣ ተሰናክሎ አገልግሎታቸው ተቋርጦ ነበር። በለንደን እንደ መዓት የታየው ሙቀት በካርቱም የዘወትር ነገር ነው። ስለዚህ ለቀዝቃዛ አገር ተብሎ የተሠራውን ንድፍ ሳይመረምሩ ወደ ካርቱም ማምጣት ገንዘብን በእሳት ላይ እንደ መጣል ይቆጠራል።

ከዚህም በላይ ክፍሉን እንደ ብርድ አገር ማድረግ የድሮ ልማድ ሆኖ ቀረ እንጂ መሣሪያዎቹ የሚጠይቁት አይደለም። የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተካከያ መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2004 ለሰርቨሮች የመከረው አየር ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነበር። በ2008 ግን ምክሩን አስፍቶ ከ18 እስከ 27 ዲግሪ አደረገው። ሲንጋፖርም እ.ኤ.አ. በ2023 ለሞቃት አገር የሚስማማ መመሪያ አውጥታ ማዕከሎቿ ወደ 26 ዲግሪና ከዚያም በላይ እንዲያደርሱ አበረታታለች፤ በመመሪያው እንደ ተገለጸው፣ አንድ ዲግሪ ከፍ በተደረገ ቁጥር ለማቀዝቀዣ ከሚወጣው ኃይል ከ2 እስከ 5 ከመቶ ይቆጠባል።

የወጪው ሒሳብ

የዚህ ሥራ ባለሙያዎች ቁጠባን የሚለኩበት አንድ ቀላል ሚዛን አላቸው። ማዕከሉ በጠቅላላ የሚወስደውን ኤሌክትሪክ ሰርቨሮቹ ብቻ በሚወስዱት ያካፍሉታል። ውጤቱ 1 ቢሆን ኖሮ አንዲት ዋትም አልባከነችም ማለት ነበር። 2 ከሆነ ግን ለሰርቨር ከሚውለው አንድ ብር ጋር ሌላ አንድ ብር ለማቀዝቀዣ፣ ለመብራትና በመንገድ ለሚጠፋው ኃይል ይወጣል ማለት ነው። አፕታይም የተባለው ድርጅት በዓለም ዙሪያ ባደረገው መጠይቅ መሠረት አማካዩ እ.ኤ.አ. በ2007 2.5 ነበር፤ በ2024 ወደ 1.56 ወርዷል። ጉግልን የመሰሉ ታላላቅ ኩባንያዎች 1.1 አካባቢ ደርሰዋል።

ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ገንዘቡ ትንሽ አይደለም። ቀደም ብለን የጠቀስነውን የ100 ኪሎዋት ክፍል እንውሰድ። ሚዛኑ 2 ቢሆን ከሰርቨሮቹ ሌላ የሚወጣው ኃይል 100 ኪሎዋት ነው፤ 1.5 ቢሆን 50 ኪሎዋት ነው። ልዩነቱ በዓመት ውስጥ ባሉት 8,760 ሰዓቶች ሲባዛ 438,000 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል።

በካርቱም ይህን ቁጥር ከባድ የሚያደርገው ሌላ ነገር አለ። በ2001 ዓ.ም. የተመረቀው የመረዌ ግድብ 1,250 ሜጋዋት የማመንጨት ዓቅም አለው፤ ሱዳን ከኢትዮጵያም በመተማ በኩል በተዘረጋው መስመር ኃይል ስትገዛ ቆይታለች። ነገር ግን ጦርነቱ የኃይል ማከፋፈያዎችንና መስመሮችን ጎድቷል፤ በጥር 2017 ዓ.ም. የመረዌ ጣቢያ በድሮን ተመትቶ መብራት ተቋርጦ ነበር። ዋናው መስመር ሲጠፋ የመረጃ ማዕከል የሚተማመነው በጄኔሬተር ነው። ከአንድ ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ያህል ይገኛል ብንል፣ ከላይ የተመለከትነው ልዩነት ዓመቱን ሙሉ በጄኔሬተር ቢሸፈን 125,000 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል። ይህ ሁሉ ናፍጣ የሚቃጠለው አንድም መልእክት ለማድረስ፣ አንድም ሒሳብ ለመሥራት ሳይሆን በቁጠባ ጉድለት ብቻ ነው።

ከዚር የሚገኘው ትምህርት

በካርቱምና በኦምዱርማን መንገዶች ዳር፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ለመንገደኛ ሁሉ በነጻ የሚቀመጥ ትልቅ የሸክላ ጋን ይታያል። ሱዳኖች ዚር ይሉታል። ውሃው በሸክላው ቀዳዳዎች በኩል ጥቂት በጥቂት ወደ ውጭ ይወዛል፤ ደረቁ ነፋስም ያንን እርጥበት እያተነነ ይወስደዋል። ውሃ ሲተንን ሙቀትን ይዞ ስለሚሄድ በውስጥ የቀረው ውሃ ይቀዘቅዛል። በእኛም አገር ውሃ በእንስራ ሲያድር የሚቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ዚሩ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ውሃና ደረቅ አየር ነው።

ካርቱም ደግሞ ደረቅ አየር የሞላባት ከተማ ናት። የሙቀት መለኪያውን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን በነፋስ ብንይዘው፣ ውሃ በመትነን ብቻ አየሩን እስከ ምን ድረስ ሊያቀዘቅዘው እንደሚችል ያሳየናል። አየሩ 42 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 15 ከመቶ በሆነበት ቀን፣ በጨርቅ የተጠቀለለው መለኪያ 22 ዲግሪ ያህል ያነባል። በእርጥብ ገለባ ወይም በእርጥብ ወረቀት መካከል አየር የሚያሳልፍ ጥሩ ማቀዝቀዣ ከዚህ ልዩነት አራት አምስተኛውን ሊያገኝ ስለሚችል፣ የ42 ዲግሪውን አየር ወደ 26 ዲግሪ ያወርደዋል። ይህም ከላይ መሐንዲሶቹ ከመከሩት ወሰን ውስጥ ነው። የካርቱም ነዋሪዎች በየቤታቸው መስኮት የሚያቆሙት በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ በኮምፕሬሰር ፈንታ ማራገቢያና ትንሽ የውሃ ፓምፕ ብቻ ስላለው የሚወስደው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነው።

የውሃ፣ የአቧራና የክረምት ነገር

ይሁን እንጂ የቤቱን ማቀዝቀዣ እንዳለ ወስዶ በሰርቨሮች ፊት ማቆም ስሕተት ነው። አንደኛ፣ በውሃ ውስጥ ያለፈው አየር እርጥብ ይሆናል፤ ብዙ እርጥበትም ብረትንና የመሣሪያውን ስስ ክፍሎች ይጎዳል። ሁለተኛ፣ በሰኔና በሐምሌ ሐቡብ የሚባለው የአሸዋ ማዕበል ተነሥቶ ከተማይቱን በአቧራ ይሸፍናል። የውጭው አየር በቀጥታ የሚገባበት ማዕከል በዚያን ቀን ማጣሪያዎቹ ይደፈናሉ፤ ሰርቨሮቹም አቧራ ይጠጣሉ።

ለሁለቱም ችግር አንድ መፍትሔ አለ። የውጭውና የውስጡ አየር ሳይቀላቀሉ በስስ ግድግዳ ግራና ቀኝ እንዲያልፉ ይደረጋል። የውጭው አየር በውሃ ይቀዘቅዛል፤ ግድግዳውን ያቀዘቅዛል፤ ግድግዳው ደግሞ የውስጡን አየር ያቀዘቅዛል። አቧራውም እርጥበቱም ከውጭ ይቀራሉ። ቅዝቃዜው በግድግዳው በኩል ሲተላለፍ ጥቂት ስለሚቀነስ በግንቦት ቀትር ኮምፕሬሰሩ ሊረዳው ይገባል፤ በጥር ሌሊት ግን የውጭው አየር ወደ 16 ዲግሪ ስለሚወርድ ውሃም ሳያስፈልግ ማራገቢያው ብቻ ይበቃል።

ሦስተኛው ችግር ክረምት ነው። በነሐሴ አየሩ 34 ዲግሪ ቢሆንም እርጥበቱ 55 ከመቶ ሲደርስ በጨርቅ የተጠቀለለው መለኪያ 27 ዲግሪ ያህል ያሳያል፤ ዚሩም ያን ጊዜ ውሃውን እንደ በጋው አያቀዘቅዝም። እንግዲህ ኮምፕሬሰር ፈጽሞ አያስፈልግም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ጌታ መሆኑ ቀርቶ በችግር ቀን የሚጠራ ረዳት ሊሆን ይችላል።

ውሃውም በነጻ የሚገኝ ነገር አይደለም። የ100 ኪሎዋት ሙቀት ሁሉ በትነት ብቻ ይወገድ ቢባል በቀን 3,600 ሊትር ያህል፣ ማለት 18 በርሜል ውሃ ይተናል። ጨውና ደለል የበዛበት ውሃ ከተጨመረ መሣሪያው በቅርፊት ይሸፈናል፤ ስለዚህ ውሃው መጣራት አለበት። የመጠጥ ውሃ ቧንቧ በደረቀበት ሰፈር ይህን ያህል ውሃ ለመኪና መስጠት ከሕዝቡ ጋር ያጣላል። ንድፉን የሚያጸድቅ ሹም ኤሌክትሪኩን ብቻ ሳይሆን ውሃውንም በሚዛን ማስቀመጥ ያለበት ስለዚህ ነው።

በክፍሉ ውስጥ የሚገኝ ቁጠባ

ስለ ታላላቅ መሣሪያዎች ይህን ካልን በኋላ፣ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ቁጠባ የሚገኘው ከክፍሉ ውስጣዊ ሥርዓት መሆኑን መግለጽ ያስፈልጋል። የቤት እመቤት የማቀዝቀዣዋን በር ከፍታ አትተወውም፤ ትኩስ ድስትም በውስጡ አታኖርም። በብዙ የመረጃ ክፍሎች ግን የሚደረገው ይኸው ነው። ሰርቨር ቀዝቃዛ አየር በፊቱ ይስባል፤ ሞቃቱን በጀርባው ይተፋል። የአንዱ መደርደሪያ ጀርባ ለሌላው ፊት ከሆነ ሁለተኛው የፊተኛውን ትኩስ ትንፋሽ ይጠጣል። መደርደሪያዎቹ ፊት ለፊትና ጀርባ ለጀርባ ቢደረደሩ፣ ባዶ ቦታዎቹ በቆርቆሮ ቢሸፈኑ፣ የሞቃቱ አየር መተላለፊያም በመጋረጃ ወይም በበር ቢለይ ሁለቱ አየሮች አይገናኙም።

ከዚህ በኋላ የማራገቢያዎቹን ፍጥነት መቀነስ ይቻላል። በዚህ ረገድ ተፈጥሮ ለጋስ ናት። ማራገቢያ የሚወስደው ኃይል የፍጥነቱን ሦስተኛ ደረጃ ብዜት ስለሚከተል፣ ፍጥነቱ 20 ከመቶ ሲቀነስ ኃይሉ ወደ ግማሽ ይወርዳል። የጣሪያውን ላይ ነጭ መቀባት፣ የምዕራቡን ግድግዳ ማጥላላት፣ መስኮት አለማብዛት፣ እነዚህም ሁሉ የኦምዱርማን የጭቃ ቤት ሠሪዎች ያውቋቸው የነበሩ ነገሮች ናቸው።

ካርቱምና አዲስ አበባ

ለማነጻጸር ያህል የእኛን ዋና ከተማ እንመልከት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ የዓመቱ አማካይ ሙቀቷ 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። በአይ ሲ ቲ ፓርክ ዊንጉና ራክሲዮን የመሰሉ የግል የመረጃ ማዕከሎች ተከፍተዋል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዓቅም ሲጨመርበት አገሪቱ ለዚህ ሥራ የተመቸች መሆኗ አይካድም። ነገር ግን በደጋ አየሩ ስስ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ክብደት ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ስለሚመዝን፣ ያንኑ ሙቀት ለማንሣት ማራገቢያው ሲሶ ያህል የበለጠ አየር መግፋት ይኖርበታል። የናፍጣ ጄኔሬተርም በስሱ አየር ምክንያት ጉልበቱ ይቀንሳል። በብርዱ ተማምኖ ሒሳብ የማይሠራ ሰው የተፈጥሮን ስጦታ ያባክናል፤ ካርቱም በደረቅ አየሯ፣ አዲስ አበባ በከፍታዋ የየራሳቸው ሀብት አላቸው።

ሹሙ ሊጠይቀው የሚገባው

እንዲህ ያለ ሥራ የሚፈቅድ ባለሥልጣን መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም፤ የሚጠይቀውን ማወቅ ግን ያስፈልገዋል። ማዕከሉ ሲጠናቀቅ የኃይል ሚዛኑ ስንት ይሆናል? ይህስ ቁጥር የተሰላው ለካርቱም ግንቦት ነው ወይስ ለአውሮፓ ኅዳር? የሰርቨሮቹና የማቀዝቀዣው ኤሌክትሪክ በተለያየ ቆጣሪ ይለካል ወይ? በቀን ስንት ሊትር ውሃ ይጠፋል? ማጣሪያውን ከሐቡብ በኋላ የሚያጸዳው ማን ነው? ማዕከሉ በአንድ ምክንያት ቢዘጋ መዝገቡ በሌላ ከተማ ተገልብጦ ይገኛል ወይ? የእነዚህ መልስ በውሉ ላይ ካልተጻፈ፣ ሲገዛ ርካሽ የነበረው ማቀዝቀዣ ሲሠራ ውድ ይሆናል።

በትንንሽ መሥሪያ ቤቶች ያሉት ሠራተኞችም ታላቁን ሥራ መጠበቅ የለባቸውም። ሁለት ሰርቨር ባለበት ክፍል ማቀዝቀዣውን በ16 ዲግሪ ላይ አድርጎ መሄድ በብዙ ቦታ የሚታይ ልማድ ነው። ወደ 24 ወይም 25 ማድረግ፣ የበሩን ክፍተት መድፈን፣ በክፍሉ የተከማቸውን የካርቶን ሳጥን ማውጣት፣ ማጣሪያውን በየወሩ ማጠብ አንዳች ብር አይጠይቅም።

ከተማይቱን መልሰው የሚሠሩት ሰዎች የመረጃ ማዕከሎቿንም ይሠራሉ። ያን ጊዜ መዝገቡ በአገሩ እንዲቀመጥ፣ የእናቲቱም ገንዘብ በሰዓቱ እንዲደርሳት ከተፈለገ፣ ዋጋው ሊከፈል የሚችል ቅዝቃዜ መኖር አለበት። የዚህም ቅዝቃዜ ትልቁ ክፍል ከባሕር ማዶ የሚገዛ አይደለም። በካርቱም ደረቅ ነፋስ ውስጥ አለ፤ የሚያስፈልገው በሥርዓት የሚለካው፣ በጥንቃቄም የሚጠቀምበት ሰው ነው።